አርባ ሦስት ስም የያዘው ማመልከቻ

ዘመኑ 1971 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ሚስት አለችኝ፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወርዱ በግራ በኩል አንዲት የአናጢ ሱቅ አለችኝ። ጤናዬም ድምፄም ሙሉ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ሲያረጅ የድሮ ጥፋቱን ሁሉ በድህነቱና በድንቁርናው የሚያመካኝለት ስለሚበዛ ነው። እኔ አልራበኝም፣ አልታመምኩም፤ ማንም ጠመንጃ ግንባሬ ላይ አልደገነም።

ፊደል ያስቆጠረችኝ ሚስቴ አስካለ ናት። እሷ እስከ ስድስተኛ ተምራለች። እኔ ከአገሬ አዲስ አበባ ስመጣ የያዝኩት መዶሻ እንጂ እርሳስ አልነበረም። ጽሑፌ ጎርባጣ ከሆነባችሁ ታገሱኝ፤ ሰው እንዲያርምልኝ አልሰጠሁም። የሚያርሙ ሰዎች ያለሰልሳሉ፤ ይሄ ነገር ደግሞ መለስለስ የለበትም።

ያን ጊዜ የአንዲት ትንሽ የጴንጤ ጉባኤ መሪ ነበርኩ። “ጴንጤ” ዛሬ ሰው በኩራት ይጠራበታል፤ በዚያን ዘመን ስድብ ነበር። የምንሰበሰበው ድሮ የጣሊያን ጋራዥ በነበረ ቤት ውስጥ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ደሞዝ የሚበላ ሰባኪ አልነበረንም። ከመካከላችን ሦስት ሽማግሌ ተመርጠን እኔ ሰብሳቢ ሆንኩ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አልጋና ቁም ሣጥን እሠራለሁ፣ እሑድ ቆሜ አስጸልያለሁ። አስካለ ከመጽሐፉ ታነባለች፣ እኔ እናገራለሁ። ሽማግሌ የተናገረውን ጉባኤው ይቀበላል፤ እጅ ቆጥሮ መወሰን የሚባል ነገር በእኛ ዘንድ አልነበረም። ሰብሳቢው “ይሁን” ካለ ይሆናል።

አብዮቱ ሲመጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ፤ አልደብቅም። በንጉሡ ጊዜ መሰብሰቢያችን ሁለት ጊዜ ተዘግቷል፤ አንድ ጊዜም ፖሊስ ጀርባዬን በዱላ አቅልቶታል። አዲሶቹ ሰዎች “ሃይማኖት ሁሉ እኩል ነው” ሲሉ፣ የቤት ኪራዬም በአዋጅ ሲቀንስ፣ እግዚአብሔር የሰማን መሰለኝ።

ቀበሌያችን የፍርድ ሸንጎ ዳኛ ሲመርጥ ስሜን የጠቆመችው ጠጅ ቤት ያላት ጎረቤታችን ናት። ከተሰብሳቢው መሀል ብድግ ብላ፣ “ጴንጤውን አናጢ እንምረጥ!” አለች። “እኔ ቤት ረግጦ አያውቅም፤ በብርሌ የሚገዛው የለም!”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እጅ ሲቆጠር አለፍኩ። የአጥር፣ የውኃ፣ የባልና ሚስት ጠብ እዳኝ ጀመር። ትናንት “ያ መዝሙር የሚጮኸው” ይሉኝ የነበሩ ሰዎች “ጓድ ዳኛ” እያሉ ከመቀመጫቸው ይነሱልኝ ጀመር። ወደድኩት። በጣም ወደድኩት።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረኝ ነበር። ስብሰባ ሲከፈትም ሲዘጋም ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ያነሳና “ከሁሉም በላይ አብዮቱ!” ይላል። በእኛ እምነት ከሁሉም በላይ የሚባል አንድ ብቻ ነው። ጉባኤያችን ውስጥ ይህን ቃል በአፉ የሚያወጣ አልነበረም፤ ስብሰባ ላይ እየቀሩ፣ እየታመሙ፣ ውጭ ውጭ እየቆሙ ያመልጡ ነበር። እኔ ግን መድረክ ላይ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ? ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። እጄን አነሳለሁ፣ “ከሁሉም በላይ” እላለሁ፣ የመጨረሻዋ ቃል ስትደርስ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ሦስት መቶ ሰው ሲጮህ የአንድ ሰው ሳል ማን ይሰማል? ሁለት ዓመት እንዲህ ሳልኩ።

በየካቲት ወር አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሱቄ ድረስ መጣ። ንጉሤ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ ማኪያቶ ይቀዳ ነበር፤ አፉ ምላጭ ነው። እኔን ግን ያከብረኝ ነበር፤ ከሰው ፊት “ጓድ”፣ ብቻችንን ስንሆን “ጋሼ” ይለኛል።

“ጋሼ፣ የእናንተን ቤት ከፍተኛ ላይ አንስተውታል” አለኝ። ከፍተኛ የሚባለው ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው።

“ምን ብለው?”

“ያልተመዘገበ ስብሰባ ብለው ነዋ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ አይታወቅም ብለው።”

“እኛ እኮ የምንደብቀው ነገር የለም።”

“ታዲያ አትደብቁ! ማመልከቻ ጻፉ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። አብዮቱን እንደግፋለን በሉ፤ የአምልኮ ፈቃድ ይሰጠን በሉ። እኔ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። አንተን የመሰለ ዳኛ እያላችሁ እንደ አይጥ ጉድጓድ ለጉድጓድ ምን አስኬዳችሁ?”

ይቺ የመጨረሻዋ ገባችልኝ። እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ነገሩን አስረዳሁ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ በሆስፒታል አስታማሚነት አርጅተው ጡረታ የወጡት ጋሽ ሙላቱ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

“ወልዴ፣ ጌታ ስማችንን ያውቀዋል። ቀበሌ ምን ያደርግለታል?”

“ፈቃድ ያለ ስም አይሰጥማ፣ ጋሽ ሙላቱ።”

“እስከ ዛሬ ያለ ፈቃድ ጸልየናል።”

“እስከ ዛሬማ በር ዘግተን ነው! እኔ እዚያ ወንበር ላይ ለምን የተቀመጥኩ ይመስልዎታል?”

“እሱን እኔም እጠይቃለሁ” አሉ።

ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ፊቴ ጋለ። “ይሁን ብያለሁ” አልኩ። ሰብሳቢው ይሁን ካለ ይሆናል። ጋሽ ሙላቱ መጥተው ከእኔ ቀጥሎ ፈረሙ። መጀመሪያ እኔ፣ ሁለተኛ እሳቸው፣ ከዚያ ሰው ሁሉ በተራ።

ማመልከቻውን በእጇ የጻፈችው አስካለ ናት፤ የእሷ ጽሕፈት የታተመ ይመስላል። ማታ ቤት ስንገባ ወረቀቱን ሳይ ስሟ የለበትም።

“አንቺስ?”

“ጽፌልሃለሁ፤ አይበቃም?”

“የመሪው ሚስት ካልፈረመች ሰው ምን ይላል?”

“ሰው ምን ይላል ነው፣ ወይስ ንጉሤ ምን ይላል?”

“አስካለ!”

እስክሪብቶውን አንስታ ከሁሉም በታች ስሟን ጻፈች። አርባ ሦስተኛ። የጉባኤያችንን ክብ ማህተም እኔው መታሁበት፤ ማህተሙ ግማሹ ስሟ ላይ አረፈ።

ሰኞ አስገባሁ። ንጉሤ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው!” አለኝ። ልቤ ሞላ።

ሐሙስ አስጠራኝ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የተወረሰ ግቢ ነው፤ ሰፊ ሳሎኑ አዳራሽ ሆኗል፤ ጓሮ የመኪና ቤትና ማድ ቤት አለው። የመኪና ቤቱ በር ማጠፊያ ተበላሽቶ ስለነበር እንድጠግነው፣ ከውጭም የብረት መወርወሪያ እንድገጥምለት ጠየቀኝ። “ለኅብረት ሱቁ ስኳር ይመጣል፤ ሌባ በዛ” አለኝ። ቡሎን በቡሎን አጠባብቄ ሠራሁለት። ስኳር የሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ጭድ ተነጥፎ አየሁ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አይቻለሁ።

ዓርብ ከሰዓት የጥሪ ወረቀት ተሰጠኝ። “ባቀረባችሁት የፈቃድ ጥያቄ ጉዳይ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ እንድትገኙ” ይላል። ንጉሤ ሲሰጠኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

“አብዮት ጥበቃዎቹ ያድሉታ” አልኩት።

“አንተ ብታድለው ሰው አይደነግጥም” አለኝ።

እኔው አደልኩት። ከጊዮርጊስ ሥር እስከ ሠራተኛ ሰፈር በየቤቱ እየዞርኩ፣ በር እያንኳኳሁ፣ “እንኳን ደስ ያላችሁ፣ መልስ መጥቷል” እያልኩ።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ የእሑድ ልብሱን ለብሶ መጣ። አንዷ እህታችን ለፈቃዱ ደስታ ብላ ትልቅ ድፎ ዳቦ በመሶብ ተሸክማ መጥታለች። ከአርባ ሦስታችን የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ አገር ቤት ሄዷል፣ ሁለቱ አራስ ቤት ናቸው። ጋሽ ሙላቱ ክራቫት አስረው ነበር። አስካለ ልጆቹን ለጎረቤት ትታ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች።

ሁሉም ከገቡ በኋላ የግቢው በር ከውጭ ሲዘጋ ሰማሁ። አናጢ ነኝ፤ የበር ድምፅ አውቃለሁ።

ንጉሤ በእጁ ጠቅሶ ወደ ቢሮው ወሰደኝ። እዚያ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ከከፍተኛ የመጣ ሰውዬ ተቀምጧል። ማመልከቻችን ከፊቱ ተዘርግቷል። አንደኛ ያለው ስሜ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኩ።

ንጉሤ ቶሎ መለሰ። “እኔ ነኝ የሰረዝኩልህ። አንተ የእኛ ነህ አልኳቸው።”

“የቀሩትስ የማን ናቸው?”

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እሱን እኮ ነው ዛሬ የምናየው፣ ጓድ” አለኝ። “አብዮቱን እንደግፋለን ብለው ፈርመዋል። ጥሩ። በአፋቸው ይበሉት። እጁን አንስቶ ‘ከሁሉም በላይ አብዮቱ’ ያለ አሁኑኑ ቤቱ ይሄዳል። እንቢ ያለ፣ የፈረመው ውሸት ነው ማለት ነው። መንግሥትን በጽሑፍ የዋሸ ሰው የት እንደሚሄድ ዳኛ ስለሆንክ ታውቃለህ።”

“ንጉሤ፣ ቢያንስ የሚስቴን ስም...”

“ጋሼ፣ የሷን እንዴት ልሰርዘው? ማህተም አርፎበታል። ስርዝ ድልዝ ሲበዛ ሰነዱ ይበላሻል።”

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ዓይኖቹ የደከማቸው፣ የተራ ሰው ዓይኖች ናቸው። “አንተን ይሰሙሃል አሉ” አለ። “አንተ መድረክ ላይ ወጥተህ በላቸው። አንተ ካልክ ይሉታል። በአንድ ደቂቃ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ካልፈለግክም መብትህ ነው፤ መኪናው እስከ ነገ ማታ ይመጣል።”

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ እዚህ ጋ እንድትቆሙልኝ እፈልጋለሁ። እኔ ቆሜያለሁና። ከቢሮው በር እስከ መድረኩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች ሃያ እርምጃ ውስጥ ያሰብኩት ስለ እግዚአብሔር አይደለም። ዘዴ ነው ያሰብኩት። “ከሁሉም በላይ” እላለሁ፣ ከዚያ እስላለሁ፣ እነሱም እንደኔ ይስላሉ፣ ሁላችንም እንሄዳለን። ያመንኩት ይህንን ነው።

መድረክ ላይ ወጣሁ። አርባ የሚደርስ ሰው ያየኛል። አንዳንዶቹ አሁንም ፈገግ ብለዋል፤ ፈቃዱን የማነብላቸው መስሏቸዋል።

“ወንድሞቼ፣ እህቶቼ” አልኩ፤ “ጥያቄያችን ጥሩ ቦታ ደርሷል። የቀረች አንዲት ቃል ብቻ ናት። ቃል ከንፈር ላይ ናት፤ ልብ ሌላ ቦታ ነው። ጌታ ልብን ነው የሚያየው። እኔ እላለሁ፣ እናንተም ትላላችሁ፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።”

ፈገግታው ከየፊቱ ጠፋ። ገባቸው።

ግራ እጄን ጨብጬ አነሳሁ። “ከሁሉም በላይ...” አልኩና ልስል አፌን ከፈትኩ።

አዳራሹ ጭጭ ብሏል። ሌላ የሚጮህ ሰው የለም። ሳሌን የሚሸፍንልኝ ሕዝብ የለም። ሰውዬው ከጎኔ ቆሞ አፌን ያያል። ንጉሤ ያያል። አስካለ ታያለች። ሁለት ዓመት የሳልኳት ሳል ጉሮሮዬ ላይ መጥታ ቀረች።

“...አብዮቱ!” ብዬ ጮኽኩ።

ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ወደ እኔው ተመለሰ። ማንም አልመለሰም። እጄ አየር ላይ ነው። ማውረድ አለብኝ፣ ግን እንዴት እንደሚወርድ ጠፋኝ። እንደገና ጮኽኩ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንደገና ማንም አልመለሰም።

ከዚያ ከኋላ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሁለተኛ ተነሳ። ሦስት፣ አራት። አራት ብቻ። በትንሽ ድምፅ አሉት። አብዮት ጥበቃ በሩን ከፈተላቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

የቀረው ሰው እንደ ቆመ ቀረ። ጋሽ ሙላቱ ዱላቸውን ይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጡ። ሊሰድቡኝ መሰለኝ። እንዲሰድቡኝ ፈለግኩ።

“ወልዴ” አሉኝ፣ ሰው የታመመ ልጁን እንደሚጠራ አድርገው። “ይበቃሃል። ውረድ ልጄ።”

አንዱ ጠባቂ በሰደፍ ገፋቸውና ክራቫታቸው ተጠመዘዘ። ወንዶቹን ወደ መኪና ቤቱ፣ ሴቶቹን ወደ ማድ ቤቱ ነዷቸው። ሐሙስ የገጠምኩት መወርወሪያ ሲገባ ሰማሁት፤ ደህና አድርጌ ነው የሠራሁት፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ዳቦው አዳራሹ ውስጥ ቀርቶ ጠባቂዎቹ ቆረሱት። አንዱ ለእኔም ቁራሽ ዘረጋልኝ።

አስካለ በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም። “ልጆቹን እህቴ ጋ አድርስ” ብቻ አለች።

አደረስኩ። እህቷ አምስት ኪሎ ነበረች። ታናሿ ልጄ መንገድ ላይ፣ “እማዬ ፈቃዱን ልታመጣ ነው የቀረችው?” ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ሠላሳ አምስቱን በማግሥቱ ማምሻውን በመኪና ወሰዷቸው። አንዳንዶቹ በስድስት ወር ተፈቱ፤ አስካለ ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በኋላ መጣች። ጋሽ ሙላቱ አልመጡም፤ በሁለተኛው ክረምት ሳንባቸው ታሞ እዚያው ቀሩ። ማስታመም ሥራቸው የነበረ ሰው አስታማሚ ሳያገኙ ሞቱ። እኔ በጠቅላላው የታሰርኩት ሦስት ቀን ነው። ሌሎቹን ሲወስዱ “አንተ ዝርዝሩ ላይ የለህም” ብለው ተዉኝ፣ ማክሰኞ በጥፊ መትተው አባረሩኝ። እንዴት እንደገባሁ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

እነዚያ እጃቸውን ያነሱ አራት ሰዎች፣ ከታሰሩት ይልቅ የጠሉኝ እነሱ ናቸው። አንዱ ባለ ሱቅ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ እኔን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ከጋሽ ሙላቱ በቀር የታሰሩት እኮ ያጡት ጊዜያቸውን ነው። እነዚህ ግን የእኔን ድምፅ ተከትለው የሄዱበት ቦታ መመለሻ አልነበረውም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ንጉሤን ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ አገኘሁት። ሸብቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ጠየቅኩት።

“ማመልከቻውን ስታስጽፈኝ ታውቅ ነበር?”

ማኪያቶውን አማሰለ። “ሰኞ ዕለት አላውቅም፣ ጋሼ። እናቴ ትሙት አላውቅም። ዓርብ ዕለት ግን አውቅ ነበር።” ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ “አንተስ?” አለኝ።

ጭዱን አይቻለሁ ብያችኋለሁ።

የዘንድሮ ልጆች ታሪኩን ሲሰሙ “ተታልለው ነው እኮ አባባ” ይሉኛል። አልተታለልኩም! ሰው የሚታለለው የማይፈልገውን ሲሰጡት ነው። እኔ የፈለግኩትን ነው የሰጡኝ። ጌታንም ወንበሩንም አንድ ላይ መያዝ ፈለግኩ፤ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ማገልገል ፈለግኩ። የእምነት ሰው ፖለቲካ አይግባ አልልም፤ ያንን የሚያውቁ ያውቃሉ። እኔ የምለው፣ የሰው ስም ይዞ የሚገባ ሰው የራሱን ስም መጨረሻ ላይ ያስሰርዘው፤ መጀመሪያ የሚሰረዝለት እሱ ከሆነ ያኔውኑ ወረቀቱን ይቅደደው። እኔ አልቀደድኩትም። ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እጄ ይደርስ ነበር።

ጉባኤያችን እንደገና ሲከፈት ሽማግሌ ሁን ብለው ለመኑኝ። እንቢ አልኩ። ዛሬም ከበሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ ድምፄን አሰምቼ ጸልዬ አላውቅም። አዲሶቹ ምእመናን ትሕትና ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። ፊርማም አልፈርምም፤ ለምርጫም፣ ለልማትም፣ ለምንም። የዕድሩን ወረቀት እንኳን አስካለ ነበረች የምትፈርመው፣ ነፍሷን ይማርና። ከእስር ከተመለሰች በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖርን፤ ስለዚያች ቅዳሜ አንድም ቀን አላነሳችም። ሰዎች ይቅር ብላሃለች ይላሉ። እኔ እንጃ። መናገር የነበረባትን በማግሥቱ ጠዋት ተናግራ ጨርሳለች።

በማግሥቱ እሑድ ነው። በጠዋት ተነስቼ ያገኘሁትን ዳቦና ሻይ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ዳኛ ስለሆንኩ ጠባቂው በሩን ከፈተልኝ፤ ሰላምታም ሰጠኝ። በማድ ቤቱ መስኮት አስካለን አስጠራኋት። መጣች። ፀጉሯ ላይ አመድ ነበር። ዳቦውን ተቀብላ ወደ ኋላ ለሴቶቹ አቀበለች፣ ፔርሙዙንም አቀበለች። ለራሷ ምንም አላስቀረችም።

“አስካለ” አልኳት፤ “አንቺን ላስወጣ ብዬ ነው።”

በፍርግርጉ መሀል አየችኝ። ቁጣ የለባትም፣ ለቅሶም የለባትም።

“ትናንት ድምፅህ እንዴት አማረ!” አለችኝ። “እኛ ዘንድ አንድም ቀን እንደዚያ ጮኸህ ጸልየህ አታውቅም።”

ብላ ከመስኮቱ ሄደች።

ንጉሤ እስኪመጣ ግቢው ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲመጣ የዳኝነት መታወቂያዬን እጁ ላይ አደረግኩለት።

“እሰረኝ” አልኩት።

“ጋሼ፣ በጠዋቱ አትቀልድ።”

“እሰረኝ። የእነሱ ሰው ነኝ።”

“ትናንት ጮኸህ የለ እንዴ! አገር ሰምቷል። አንተን በምን ላስርህ?”

“አልልም። ከዛሬ ጀምሮ አልልም። ብትገድለኝ አልልም።”

“ዛሬ ማን በል አለህ?” ብሎ ሳቀ፤ ጠባቂዎቹም ሳቁ። “ሂድ ወደ ቤትህ፣ ልጆች አሉህ።”

መኪና ቤቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። አንስተው ከግቢው አስወጡኝ። ተመልሼ ገብቼ ተቀመጥኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ጎትተው አስወጡኝ፤ ኮቴ ተቀደደ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ንጉሤ ሰልችቶት፣ “ክፈቱለት! ይሄ ግትር ሽማግሌ ያብድ እዚያው!” ብሎ ጮኸ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሽማግሌ አለኝ።

ገባሁ። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ወንድሞቼ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ጭዱ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። “ሰላም ለእናንተ ይሁን” አልኩ፣ እሑድ እሑድ እንደምለው። መልስ የለም። የምቀመጥበት ቦታ በዓይኔ ፈለግኩ፤ አንዱ እግሩን ሰብሰብ ቢያደርግ ይበቃኝ ነበር። ማንም አልተጠጋልኝም። ጋሽ ሙላቱ እንኳን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ቆሜ ዋልኩ።